አልብሬክት ዱረር፤ የርቀትን ሕግ የፈለገ ሠዓሊ

ዝነኛው ሠዓሊና ቀራጺ አልብሬክት ዱረር በ1471 ዓ.ም. ሜይ 21 ቀን በጀርመን አገር ኑረምበርግ በምትባለው ከተማ ተወለደ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል። አባቱ እንደ ልጁ አልብሬክት የሚባል ወርቅ አንጥረኛ ሲሆን፣ ከሀንጋሪ ተነሥቶ በ1455 ዓ.ም. ኑረምበርግ ገብቶ በዚያው የቀረ ሰው ነበረ። እናቱ ባርባራ ሆልፐር 18 ልጆች ወለደች፤ ከነዚህም መካከል አድገው ለሰውነት የበቁት 3 ብቻ ናቸው።

ኑረምበርግ በዚያ ዘመን የነጋዴዎችና የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎች ከተማ ነበረች። በጀርመን አገር የመጀመሪያው የወረቀት ወፍጮ በ1390 ዓ.ም. የተተከለው በዚያ ነው፤ ኮምፓስና ልዩ ልዩ የመለኪያ መሣሪያም በብዛት ይሠራባት ነበር። የልጁ የክርስትና አባት አንቶን ኮበርገር የአንጥረኝነት ሥራውን ትቶ መጽሐፍ አታሚ የሆነ ሰው ነው። እንግዲህ ልጁ በመዶሻና በማተሚያ ድምፅ መካከል አደገ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አባቱ የሙያው ወራሽ እንዲሆነው አስቦ፣ ማንበብና መጻፍ እንደ ተማረ ከትምህርት ቤት አውጥቶ ወደ ሥራ ቤቱ አስገባው። በዚያም ልጁ በሹል ብረት ማዕድንን መጫርና መቅረጽ ለመደ። በ1484 ዓ.ም. ገና 13 ዓመት ሲሆነው፣ መስተዋት ፊት ተቀምጦ የራሱን መልክ ጫፉ ብር በሆነ መሣሪያ ወረቀት ላይ ሣለ። ይህ ሥዕል ዛሬም በቪየና ከተማ ተጠብቆ ይገኛል። በብር ጫፍ የተሠመረ መስመር እንደ እርሳስ መስመር በላጲስ በቀላሉ አይጠፋም፤ አንድ ጊዜ ከተሠመረ ተሠመረ። ስለዚህ እጅጌው ከክንዱ በላይ፣ ፀጉሩ ከጉንጩ በላይ እንዴት እንደሚያርፍ ልጁ መስመሩን ከማስመሩ በፊት መቍረጥ ነበረበት። አንዱ ነገር በሌላው ላይ ሲያርፍ የትኛው መታየት፣ የትኛውም መሸፈን አለበት የሚለው ጥያቄ በሕይወቱ ሙሉ አልተለየውም።

ይሁን እንጂ የልጁ ልብ ከወርቅ ይልቅ ወደ ሥዕል ያዘነበለ ስለ ነበረ፣ ይህንኑ ለአባቱ ነገረው። አባቱም በአንጥረኝነት ትምህርት የጠፋው ጊዜ ቢያሳዝነውም በመጨረሻው ፈቀደለት፤ በ1486 ዓ.ም. ኖቬምበር 30 ቀን ሚካኤል ቮልገሙት ለተባለው ሠዓሊ ለ3 ዓመት ተማሪ አድርጎ ሰጠው። በቮልገሙት ቤት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብቻ ሳይሆን፣ ለመጽሐፍ የሚሆን የእንጨት ቅርጽም ይሠራ ነበር።

የእንጨት ቅርጽ ኅትመት እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቁት በአጭሩ እንግለጽ። በደንብ የተላገ ሰሌዳ ይዘጋጃል፤ ሠዓሊው በሰሌዳው ፊት ላይ መስመሮቹን ይሥላል። ከዚያም በስለት፣ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው እንጨት ሁሉ ተቈፍሮ ይወጣል። ሳይቈፈሩ የቀሩት መስመሮች ቀለም ይቀባሉ፤ ወረቀት ተጭኖባቸው ሲነሣ ሥዕሉ ይታተማል። አስቸጋሪው ነገር ይህ ነው፤ የሚታተሙት መስመሮች ሁሉ በአንድ ጠለል ላይ ናቸው። ተራራው ከቤቱ በስተ ኋላ ቢሆንም፣ በሰሌዳው ላይ የተራራው መስመርና የቤቱ መስመር ከፍታቸው እኩል ነው። እንጨቱ የፊትና የኋላ የሚባል ነገር አያውቅም። የተራራው መስመር ከቤቱ ጣሪያ ዘንድ ሲደርስ እንዲቆም ያላደረገ ሰው፣ ሁለቱንም አደባልቆ እንደ ተበጠበጠ ክር የማይለይ ነገር ያትማል። ስለዚህ በየመገናኛው ፈራጁ ሠዓሊው ራሱ ነው።

ዱረር 3 ዓመቱን ከፈጸመ በኋላ፣ የዚያን ጊዜ ልማድ እንደሚያዝዘው፣ በ1490 ዓ.ም. ዓለም ለማየትና ሙያውን ለማሻሻል ከቤቱ ወጣ። ጉዞውም 4 ዓመት ቈየ። ከሁሉ ይልቅ ሊያየው የሚመኘው በመዳብ ቅርጽ ወደር ያልነበረውን ማርቲን ሾንጋወርን ነበር፤ ነገር ግን በ1492 ዓ.ም. ኮልማር ከተማ ሲደርስ መምህሩ ከአንድ ዓመት በፊት ሞቶ አገኘው። ወንድሞቹ በደግነት ተቀበሉት እንጂ ትምህርቱን ከራሱ ከሾንጋወር አፍ ሊሰማ አልታደለም። በ1494 ዓ.ም. አባቱ አስጠርቶት ተመለሰና ጁላይ 7 ቀን አግነስ ፍራይ የምትባለውን የከተማውን ልጅ አገባ። ልጅ አልወለዱም። አግነስ በኋላ ጊዜ የባልዋን ኅትመት በየገበያው እየወሰደች የምትሸጥ ብርቱ ሴት ነበረች፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች ክፉ ስም ሰጥተዋት አልፈዋል፤ ነገር ግን የሥራ ቤቱ ኑሮ ያለ እርስዋ ድካም እንዴት ይቃና እንደ ነበረ አይነግሩንም።

በ1498 ዓ.ም. ዱረር የዮሐንስን ራእይ የሚያሳዩ 15 ታላላቅ የእንጨት ቅርጾች በጀርመንኛና በላቲን አሳትሞ አወጣ። አታሚውም ራሱ ነበረ። ከነዚህ ሥዕሎች ሁሉ ዝነኛው አራቱን ፈረሰኞች የሚያሳየው ነው። ቀስት የያዘው ከሁሉ በስተ ኋላ፣ ቀጥሎ ሰይፍ የያዘው፣ ቀጥሎ ሚዛን የያዘው፣ ከሁሉም በፊት በከሳ ፈረስ ላይ የተቀመጠው ሞት እየጋለቡ ይመጣሉ። የአንዱ ፈረስ ራስ የሌላውን ጎን ይሸፍናል፤ ሰዎችም ከእግራቸው በታች ይረገጣሉ። ይህ ሁሉ ግርግር በአንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በጥቍር መስመር ብቻ የተሠራ ነው፤ ሆኖም ተመልካች ማን ከማን ፊት እንዳለ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አይጠራጠርም። ዱረር በዚህ ሥራ በ27 ዓመቱ በመላ አውሮፓ ታወቀ።

ዝና ግን አላጠገበውም። በእጁ የሚያደርገውን ነገር ምክንያቱን ለማወቅ ይፈልግ ነበር። ያኮፖ ደ ባርባሪ የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ በመለኪያ የተሠራ የወንድና የሴት አካል አሳየው፤ ነገር ግን መለኪያው በምን ደንብ እንደ ተገኘ ገልጦ ሊነግረው አልፈቀደም። ይህ ነገር በወጣቱ ልብ ውስጥ እንደ እሾኽ ተሰክቶ ቀረ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም በጽሑፉ አንሥቶታል። በዚያ ዘመን ባለ ሙያ የሙያውን ምሥጢር ለልጁና ለተማሪው ብቻ ያወርስ ነበር እንጂ ለእንግዳ አይገልጥም። ዱረር የቀድሞውን የሮማ አናጺ የቪትሩቪየስን መጽሐፍ ይዞ በገዛ ድካሙ መመርመር ጀመረ።

በ1505 ዓ.ም. ወደ ቬኒስ ሄደና እስከ 1507 ዓ.ም. በዚያ ቈየ። በዚያም የሚኖሩ የጀርመን ነጋዴዎች ለቤተ ክርስቲያናቸው የመቍጠሪያ በዓል ተብሎ የሚጠራውን ታላቅ ሥዕል አሠሩት። ከጣልያን ሠዓሊዎች አንዳንዶቹ ዱረር በመቅረጽ እንጂ በቀለም አያውቅበትም እያሉ ያሙት ስለ ነበረ፣ ሥዕሉ በ1506 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ አፋቸውን እንዳስያዘ ለወዳጁ ለቪሊባልድ ፒርክሃይመር በደስታ ጽፎለታል። በዚያው ዓመት መጨረሻም የርቀት አሣሣልን ምሥጢር ሊያስተምረው የፈቀደ ሰው አለ ሲባል ሰምቶ ወደ ቦሎኛ ለመሄድ መነሣቱን ጻፈ። በ1507 ዓ.ም. ደግሞ የኤውክሊድን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ በቬኒስ በ1 ዱካት ገዛ፤ ዋጋውንና ዓመቱን በመጽሐፉ ላይ በገዛ እጁ መዝግቦታል። የ36 ዓመት ሰው፣ ስሙ በመላ አውሮፓ የታወቀ ሠዓሊ፣ እንደ ተማሪ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ገዝቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ወደ ኑረምበርግ እንደ ተመለሰም ያኮብ ሄለር ለተባለ የፍራንክፈርት ባለጠጋ ነጋዴ የመሠዊያ ሥዕል ለመሥራት ተዋዋለ። ስለዚህ ሥዕል የጻፋቸው ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። ዋጋው በመጀመሪያ 130 ጉልደን ነበረ፤ ዱረር ግን ድካሙ ከዋጋው እንደ በለጠ እያስረዳ ስለ ተከራከረ በመጨረሻ 200 ተከፈለው። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ሰማያዊውን ቀለም፣ ከሩቅ አገር ከሚመጣ ክቡር ድንጋይ ተፈጭቶ የሚገኘውን፣ አንዱን ሽፋን በሌላው ላይ እየደረበ 5 ወይም 6 ጊዜ እንደ ቀባ ይናገራል። በጥንቃቄ ከተያዘም ሥዕሉ 500 ዓመት ንጹሕ ሆኖ ሊቈይ እንደሚችል ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በ1509 ዓ.ም. ጨርሶ ላከለት።

ይህን የቀለም መደራረብ ልብ እንበል። 6 ሽፋን ቀለም ሁሉ ባንድ ሳንቃ ላይ ነው፤ ውፍረቱም እጅግ ስስ ስለ ሆነ በዓይን የሚለካ የፊትና የኋላ ርቀት የለውም። ሆኖም በቅደም ተከተሉ ላይ ሁሉ ነገር ያርፋል። ጥቍሩ ጥላ ከሰማያዊው በፊት ቢቀባ አንድ ዓይነት መልክ፣ ከሰማያዊው በኋላ ቢቀባ ሌላ ዓይነት መልክ ይሰጣል። ከታች ያለው ሳይደርቅ ሌላ የደረበ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ያበላሻል። ርቀት በሌለበት ቦታ የሚፈርደው ተራ ነው።

ተስፋው ግን አልተፈጸመም። ሥዕሉን ከ100 ዓመት በኋላ የባቫርያ መስፍን ገዝቶ ወደ ሙኒክ አስወሰደው፤ በ1729 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ በተነሣው እሳት ተቃጠለ። ሥዕሉ ከመወሰዱ በፊት ዮብስት ሃሪክ የተባለ ሠዓሊ የቀዳው ቅጅ በፍራንክፈርት ይገኛል፤ ዛሬ የምናየው ይህንኑ ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት ፈጠን ብለን እንለፍ። በ1509 ዓ.ም. ዛሬ ሙዚየም የሆነውን ሰፊ ቤት ገዛ። በ1514 ዓ.ም. እናቱ ሞተች፤ በዚያው ዓመት ሜላንኮሊያ የተባለውን የመዳብ ቅርጽ ሠራ። በዚህ ሥዕል ውስጥ ክንፍ ያላት ሴት ኮምፓስ ይዛ በትካዜ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋም 16 ቍጥሮች የተጻፉበት ካሬ ይታያል። ሒሳብ የምትወዱ ተማሪዎች ይህን ካሬ ሞክሩት። የመጀመሪያው ረድፍ 16፣ 3፣ 2፣ 13፤ ሁለተኛው 5፣ 10፣ 11፣ 8፤ ሦስተኛው 9፣ 6፣ 7፣ 12፤ አራተኛው 4፣ 15፣ 14፣ 1 ነው። ወደ ጎንም፣ ወደ ታችም፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘንም ቢደመር 34 ይሆናል፤ በመጨረሻው ረድፍ መካከል ደግሞ 15ና 14 ጎን ለጎን ቆመው ዓመቱን ይነግራሉ። በ1515 ዓ.ም. ወደ ሊዝበን የመጣውን አውራሪስ ሳያይ፣ ከሌላ ሰው ሥዕልና ጽሑፍ ብቻ ተነሥቶ በእንጨት ቅርጽ አሳተመው። ቆዳውን አንዱ ሳህን በሌላው ጫፍ ላይ እንደ ተደረበ የጦር ልብስ አድርጎ ሣለው፤ እውነተኛው አውራሪስ እንዲህ ያለ ጥሩር የለውም፤ ቢሆንም ስሕተቱ ከእውነቱ ይልቅ ግሩም ስለ ነበረ አውሮፓ ከ200 ዓመት በላይ አምኖት ኖረ።

ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን በ1515 ዓ.ም. በየዓመቱ 100 ጉልደን እንዲከፈለው አዘዙለት። እርሳቸው በ1519 ዓ.ም. ሲሞቱ ክፍያው እንዳይቋረጥ ዱረር ከሚስቱ ጋር በ1520 ዓ.ም. ወደ ኔዘርላንድ ተጕዞ፣ አዲሱን ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ 5ኛን ለምኖ አስጸደቀ። በዚያ ጉዞ ዜላንድ ላይ ባሕር የተፋውን ታላቅ ዓሣ ነባሪ ለማየት ሄደ፤ ከመድረሱ በፊት ግን ውኃው መልሶ ወሰደው። ከዚያ አገር የያዘው ብርቱ ንዳድም እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1525 ዓ.ም. ዱረር በኮምፓስና በማስመሪያ ስለ መለካት የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣ። የጻፈውም የሊቃውንት ቋንቋ በነበረው በላቲን ሳይሆን በአገሩ ቋንቋ በጀርመንኛ ነው፤ ለሠዓሊ ብቻ ሳይሆን ለአንጥረኛ፣ ለድንጋይ ጠራቢና ለአናጢ ጭምር እንዲጠቅም አስቦ ነበር። የጂኦሜትሪ ቃላት በጀርመንኛ ባልነበሩበት ጊዜ ከሠራተኛው አፍ እየለቀመ አበጀላቸው። ኤሊፕስን የእንቍላል መስመር፣ ፓራቦላን የማቃጠያ መስመር፣ ሃይፐርቦላን የመንሽ መስመር ብሎ ጠራቸው። ኤሊፕስን ሲሥል ግን አንዱን ጫፍ ከሌላው አስፍቶ እንደ እውነተኛ እንቍላል ስላደረገው ተሳስቷል። ይህም ሆኖ፣ ቬኒሳዊው የነፈገውን ዕውቀት እርሱ ለማንም ያገሩ ሠራተኛ በታተመ መጽሐፍ መስጠቱ ከሥዕሎቹ ሁሉ የማያንስ ሥራ ይመስለኛል።

በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ሉት የተባለውን ክራር መሰል የሙዚቃ መሣሪያ ሁለት ሰዎች ሲሥሉ የሚያሳይ ሥዕል አለ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በግድግዳ ላይ ቀዳዳ ያለው ትልቅ መርፌ ይመታል፤ ይህ መርፌ በተመልካች ዓይን ፈንታ ነው። በቀዳዳው ውስጥ ረጅም ክር ያልፋል፤ በአንዱ ጫፍ ክሩን የሚወጥር ክብደት ይንጠለጠላል፣ በሌላው ጫፍ ሹል ዘንግ ይታሰራል። በግድግዳውና በሉቱ መካከል የእንጨት ክፈፍ ይቆማል፤ ክፈፉ እንደ መስኮት የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ አለው፣ በመዝጊያውም ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አንደኛው ሰው የዘንጉን ጫፍ በሉቱ ላይ ካለች አንዲት ነጥብ ያሳርፋል። ሁለተኛው ሰው ክሩ በክፈፉ መካከል የሚያልፍበትን ቦታ በክፈፉ ላይ በተዘረጉ ሁለት ተንቀሳቃሽ ክሮች መገናኛ ይለያል፤ ክሮቹንም በሰም ያጣብቃል። ከዚያ ረጅሙ ክር ይነሣል፣ መዝጊያው ይዘጋል፣ በመገናኛውም ቦታ ወረቀቱ ላይ ነጥብ ይደረጋል። መዝጊያው ተከፍቶ ሌላ ነጥብ ይፈለጋል። እንዲህ እያሉ ነጥብ በነጥብ ላይ ሲያከማቹ የሉቱ መልክ በትክክለኛ ርቀቱ ይወጣል። ሥራው እጅግ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ምንም የእጅ ተሰጥኦ አይጠይቅም።

ከዱረር ወደ ኮምፒዩተር ዘልለን መሄዳችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ኮምፒዩተር ባለ ሦስት አቅጣጫ ሥዕል ሲሠራ፣ በቪዲዮ ጨዋታም ሆነ በሕንፃ ንድፍ፣ የሚያደርገው የዚያኑ ክር ሥራ ነው። ከዓይን ቦታ ተነሥቶ በመስኮቱ ላይ ላለችው ለእያንዳንዷ ነጥብ ምን እንደሚታይ ይወስናል። በ1974 ዓ.ም. ኤድዊን ካትሙል በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ለእያንዳንዷ ነጥብ ከቀለሙ ጋር ርቀቱንም መዝግቦ የመያዝን ዘዴ ገለጸ። አዲስ ገጽ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ርቀቱን ከተመዘገበው ጋር ያመዛዝናል፤ የቀረበው ይቀመጣል፣ የራቀው ይጣላል። በዱረር ክር ቋንቋ ብንናገር፣ የክሩ ርዝመት አጭር የሆነበት ነገር ይታያል ማለት ነው።

ይህ ደንብ ተራራንና ቤትን ያለ ስሕተት ይለያል። ችግር የሚመጣው ሁለት ገጾች በአንድ ጠለል ላይ ሲያርፉ ነው። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ካርታ፣ በአስፋልት ላይ የተቀባ የእግረኛ መሻገሪያ፣ በወለል ላይ የተነጠፈ ስስ ምንጣፍ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በእውነተኛው ዓለም ካርታው ውፍረት ስላለው የዱረር ዘንግ ወረቀቱን ይነካና ይቆማል። በኮምፒዩተር ውስጥ ግን ገጽ ውፍረት የለውም፤ ለካርታውም ለግድግዳውም የክሩ ርዝመት አንድ ነው። ታዲያ ማን ይታይ? ኮምፒዩተሩ ርቀቱን የሚያሰላው በተወሰነ አሃዝ ስለ ሆነ፣ በስሌቱ መጨረሻ የምትቀረው ኢምንት ስሕተት ፈራጅ ትሆናለች። በአንዲት ነጥብ ካርታው፣ በአጠገብዋ ግድግዳው ያሸንፋል፤ ተመልካቹም ሲንቀሳቀስ ፍርዱ ይለዋወጣል። ከዚህ የተነሣ ካርታው እንደ ተቀደደ ጨርቅ ይቈራረጥና ይብለጨለጫል። ሥዕሉን የሠራው ተማሪ የቀለም ወይም የመሣሪያ ብልሽት መስሎት ሲጨነቅ ይውላል፤ ብልሽቱ ግን ርቀት ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ ለርቀት በማቅረቡ ነው።

ፍጹም ባንድ ጠለል ያልሆኑ፣ ነገር ግን እጅግ የተቀራረቡ ገጾችም እንዲሁ ይጣላሉ። ለርቀት መመዝገቢያ 24 ቢት ቢመደብ 16,777,216 ደረጃዎች ይገኛሉ፤ ብዙ ይመስላል። ደረጃዎቹ ግን እኩል አልተከፋፈሉም። የሚታየው ዓለም ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ 1,000 ሜትር ቢሆን፣ ግማሹ ደረጃ የሚያልቀው ከ1 እስከ 2 ሜትር ባለው ቦታ ነው፤ በ1,000 ሜትር አካባቢ አንዱ ደረጃ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመንገድ ቀለም በዚያ ርቀት ከአስፋልቱ ሊለይ አይችልም። የመነሻውን ርቀት ከ1 ሜትር ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ያወረደ ሰው ደግሞ ነገሩን 10 ጊዜ ያብሰዋል፤ መነሻውን ማራቅ ግን ይጠቅማል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው ቢባል፣ አንዳንዶች ካርታውን በጥቂቱ ወደ ተመልካች ያስጠጋሉ፣ ወይም ግድግዳውን በጥቂቱ ወደ ኋላ ይገፋሉ። ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ነገር ግን ሲያንስ ብልጭታው አይጠፋም፣ ሲበዛ ደግሞ ካርታው በአየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ወይም ፊት ለፊቱ በቆመው ስስ ነገር ውስጥ አልፎ ይታያል። እንደ እኔ አስተያየት የሚሻለው የሠዓሊው መንገድ ነው። በመጀመሪያ ግድግዳው ርቀቱን አስመዝግቦ ይሣላል። ቀጥሎ ለካርታው ቦታ የሚሆነው ከግድግዳው ሳይለይ፣ የግድግዳው የራሱ ርቀት እንደ ተጠበቀ ካርታው በላዩ ይቀባል፤ በካርታው ላይ ሌላ ምልክት ካለ ከካርታው በኋላ ይከተላል። እዚህ ላይ በግድግዳውና በካርታው መካከል ርቀት አይጠየቅም፤ ከፊታቸው የቆመ ወንበር ቢኖር ብቻ ርቀት ሥራውን ይሠራል። ወይም ደግሞ ካርታውንና ግድግዳውን አስቀድሞ አንድ ሥዕል አድርጎ ባንድ ገጽ ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ ይህም ዱረር በእንጨት ሰሌዳው ላይ መስመሩ የት እንደሚቆም አስቀድሞ እንደሚወስነው ያለ ነው።

ዱረር በወጣትነቱ ሕግ ቢገኝ ሁሉ ነገር በሕግ ይፈታል ብሎ ያመነ ይመስላል። በኋለኛው ዘመኑ ግን ውበት ምን እንደ ሆነ እንደማያውቅ፣ በአንድ መለኪያም ሊወሰን እንደማይችል ጻፈ። የክሩን መሣሪያ የፈጠረው ሰው የሰማያዊውን ቀለም 6 ሽፋን በክር አልለካም፤ የትኛው ከየትኛው በላይ እንደሚውል ያወቀው ተራውን የሚጠብቅ እጁ ነው።

በ1527 ዓ.ም. ስለ ከተማ ምሽግ አሠራር የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ለብዙ ዓመታት ሲደክምበት የኖረውን ስለ ሰው አካል መጠን የሚናገረውን ሥራ ግን ታትሞ ለማየት አልደረሰም። በ1528 ዓ.ም. ኤፕሪል 6 ቀን በኑረምበርግ በ56 ዓመቱ ሞተ፤ በቅዱስ ዮሐንስ መካነ መቃብር በሚስቱ ቤተ ዘመድ መቃብር ተቀበረ። መጽሐፉን አግነስ በዚያው ዓመት አሳትማ አወጣችው። በ1538 ዓ.ም. ስለ መለካት የጻፈው መጽሐፍ ዳግመኛ ሲታተም ትቶአቸው ከሄደው ሥዕሎች ሁለቱ ተጨመሩበት። ከነዚህ ባንደኛው አንድ ሠዓሊ ክር በካሬ በካሬ በተዘረጋበት ክፈፍ ውስጥ ከወዲያ የተጋደመችውን ሴት አንድ ዓይኑን በቋሚ ምልክት ጫፍ ላይ አድርጎ ይመለከታል፤ በፊቱ ባለው እንዲሁ በካሬ በተሠመረ ወረቀት ላይም ካሬውን ካሬ በካሬ እየሞላ ይሥላል።